ብናኙን የሚጠራው ድምፅ

አሶሳ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የሬዲዮ ድራማ እጽፍ ነበር። ዛሬ ይህን ሳወራ ተማሪዎቼ አያምኑኝም። ጣቢያዋ ትንሽ ነበረች። ግድግዳቸው በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ሁለት ክፍሎች፣ ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ የሚያስቆም የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ሊያስነግሩ የመጡ ሰዎች የሚቀመጡበት የቀርከሃ አግዳሚ።

የጣቢያዋ ኃላፊ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ "ልጆቹ ሳይንስ እንዲወዱ የሚያደርግ ነገር ጻፊልን" አለኝ። በዚያ ሰሞን ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። በዓይን የማይታዩ ማሽኖች፣ ከደም ሕዋስ የሚያንሱ፣ አንድ ቀን በሰው ሰውነት ውስጥ እየተዘዋወሩ በሽታ ይለቅማሉ የተባለላቸው። እናም ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ስለምትኖር ምድር ጻፍኩ። በዚያች ምድር እነዚህ ማሽኖች በአየሩም፣ በውሃውም፣ በሰዉም ደም ውስጥ አሉ። ሰዎቹ "ብናኝ" ይሏቸዋል። ብናኙ ቁስል ይደፍናል፣ ከአሸዋ ቤት ያቆማል፣ ከጤዛ ውሃ ያጠራቅማል። የሠሩት ሰዎች ግን ካለፉ ዘመናት ሆኗቸዋል። እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያውቅ አንድም ሰው አልቀረም። ሕዝቡ በብናኝ ተከቦ በውሃ ጥም ያልቃል። ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ ብናኙን በድምፁ ይጠራዋል። ብናኙም ይመጣል። ሕዝቡ ያን ሰው "ጠሪው" ብሎ በረሃ ለበረሃ ይከተለዋል።

ጠሪውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአባቴ ነው ያገኘሁት። አባቴ በደርግ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አንዱ ነው። እስካሁን አነጋገሩ የወሎ ነው፤ እዚህ ተወልደን ያደግን ልጆቹ አንዳንዴ ስንመስለው ይስቅብናል። በድርቁ ጊዜ የደረቀ ማሳ ላይ ሰብስቦ ስላነጋገራቸው ካድሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ነግሮኛል። ካድሬው ወጣት ነበር፤ ሲናገር አይጮህም ነበር። ለም መሬት አለ፣ ትራክተር አለ፣ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ አለ፣ መብራት ይመጣል አላቸው። "ድምፁ እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ!" ይል ነበር አባቴ። "የራበው ሆድ እሱን ሲሰማ ዝም ይላል።" አባቴ መኪናው ላይ ወጣ። መሬቱ እውነትም ለም ነበር። ቀሪው ግን አልመጣም፤ ወባው መጣ። ሁለቱን ታላላቆቼን እኔ አላየኋቸውም። ያም ሆኖ አባቴ ስለዚያ ካድሬ ሲያወራ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ዓይነት ናፍቆት ነበረበት። ልጅ ሆኜ ይህ አይገባኝም ነበር፤ ጠሪውን የጻፍኩትም እንዲገባኝ ብዬ ይመስለኛል።

ድራማው ተጻፈ፤ ጠሪውን የሚሆን ድምፅ ግን ጠፋ። የሞከሩት ሁሉ፣ ከአስተማሪ ባልደረቦቼ ጀምሮ፣ ማይክራፎኑ ፊት ሲቆሙ እንደ ሰባኪ ድምፃቸውን ያወፍሩታል። አንዱ ሲጮህ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን አልፎ ሄደ። እኔም ልተወው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ረዘም ያለ ሰው መጣ። አህያው ጠፍታበታለች። ከአሶሳ ዙሪያ ካሉት የበርታ መንደሮች ነው፤ ገበያው ዳር ማንጎ ይሸጣል። በበርታኛ ማስታወቂያ የሚያነበው ልጅ ያን ቀን ስላልነበረ ኃላፊው "አንተው ተናገረው" ብሎ ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጠው። በመስኮቱ ሰማሁት። በርታኛ አልችልም፤ ከተናገረው የገባኝ "አህያ" የምትለውን ቃል ሲደጋግም ብቻ ነው። ግን አህያዋን ልፈልግ እኔም ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ላንድ ሰው ብቻ፣ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው የሚናገር ነበር የሚመስለው።

ሲወጣ ተከትዬው ስለ ድራማው ነገርኩት። በጣም ሳቀ።

"መምህር፣ አንተ ነው የጻፍከው?" አለኝ። አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የተማረው፤ ወንድና ሴት አይለይም። እኔንም "አንተ" ይለኝ ነበር፤ ስለ እናቱም ሲያወራ "እናቴ አሞታል" ይላል።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ይሄ ብናኝ ምንድን ነው? ጂን ነው?"

"ጂን አይደለም። ማሽን ነው። ሰው የሠራው ማሽን፤ በጣም ትንሽ፣ የማይታይ።"

ጥቂት አሰበ። "ሰው ከሠራው ሰው ቢጠራው ይመጣል። እሺ። ታዲያ ሰዎቹ ጠሪው እግር ላይ ለምን ይወድቃሉ?"

"ድራማው ስለሱ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው እመጣለሁ" አለ። "አህያዬ ከተገኘ።"

አህያዋ ተገኘች። ኃላፊው ግን አልወደደም። "አማርኛው ያስቃል፤ ሰው ያላግጥብናል" አለኝ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ የትኛው አማርኛ እንደሚተርፍ ማን ያውቃል ብዬ ተከራከርኩት። ማንጎ ነጋዴው ይህን ሲሰማ "ያኔ ሁሉም ሰው እንደኔ ነው የሚናገረው፤ እኔ ትንሽ ቀድሜ ነው" አለ። ኃላፊውም ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንቀዳ ነበር። የአማርኛ ፊደል ማንበብ ብዙ ስለማይሆንለት እኔ መስመሩን አነብለታለሁ፤ እሱ አንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኝና በራሱ አነጋገር መልሶ ይለዋል። ያን ጊዜ የጻፍኩት ነገር የኔ መሆኑ ይቀራል፤ ከኔ ብዕር የወጣው ከሱ አፍ ሲወጣ ቀለል ብሎ፣ ጥቂት ቃል ጎድሎት፣ ግን ሞልቶ ይመጣል። ብናኙ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ የምታወጣው ቴክኒሻኗ ነበረች። ሰሊጥ በብረት ትሪ ላይ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች፤ ሽሽሽ ይላል። ሰውየው ሰሊጡ ሲፈስ ሁልጊዜ በቆዳው ላይ የሆነ ነገር የሚሄድበት ያህል ክንዱን ያሽ ነበር።

የመጀመሪያው ጭቅጭቃችን በሦስተኛው ክፍል ላይ መጣ። ጠሪው በደረቀ ወንዝ ዳር ቆሞ "የብናኙ ጌታ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ሕይወት የላችሁም" እንዲል ነበር የጻፍኩት። አነበብኩለት። ዓይኑን ገለጠ።

"ይሄን አልልም" አለ።

"ድራማ እኮ ነው" አልኩት።

"ድራማ መሆኑን አውቃለሁ። አፉ ግን የኔ ነው። ሐራም ነው፣ መምህር። ጌታ አንድ ነው።"

"ጠሪው እንዲህ ካላለ ሕዝቡ ለምን ይከተለዋል?"

"ወላሂ፣ እንዲህ የሚል ሰው እኔ አልከተልም። አንተ ትከተላለህ?"

ቴክኒሻኗ የሰሊጡን ትሪ እንደያዘች ቆማ ታየናለች። በመጨረሻ ራሱ ሲያሰላስል ቆይቶ "እንዲህ ልበል" አለና ማይክራፎኑ ፊት ተመለሰ። "ጌታው ሌላ ነው። እኔ ድምፅ ነኝ። ድምፅ ደግሞ ያልቃል።" ሰሊጡ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠሪው ያ ሆነ፤ እኔ ያሰብኩት ትዕቢተኛ ሳይሆን፣ ከሚያደርገው ነገር ራሱን የሚያርቅ፣ ሲያመሰግኑት የሚሸሽ ሰው። ትዕቢት ሕዝብ ያስከትላል ብዬ ነበር የማስበው። የማንጎ ነጋዴው ትሕትና ከተማውን ሁሉ አስከተለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድራማው ሲተላለፍ ሻይ ቤቶቹ ይሞሉ ነበር። ባጃጆች መንገድ ዳር ቆመው ይሰማሉ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሠፈር ይሰማዋል። ሽማግሌዎች "ጌታው ሌላ ነው" የምትለዋን እንደ ሰላምታ ተቀባበሏት። አባቴ ሬዲዮኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነበር የሚሰማው። ድራማውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን እያወቀ "ይሄ ሰው የእግዚአብሔር ሰው ነው" ይለኝ ነበር።

"አባዬ፣ የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ" ስለው "ቃሉን ጻፍሽው፤ ድምፁን ግን አልጻፍሽውም" ይለኛል።

ከቀረጻ በኋላ እኔና ሰውየው አብረን ወደ ገበያ እንወርድ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ አንዲት ልጁን እናቱ ናት የምታሳድገው። ስለ ብናኙ ብዙ ይጠይቀኛል። ብናኙ በሰው ደም ውስጥ ካለ የሰውየው ነፍስ የቱ ጋ ናት? የሞተውን ሰው ብናኙ ቢያንቀሳቅሰው ሰውየው ኖረ ይባላል? አንዳንዱን እመልስለታለሁ፤ አብዛኛውን ግን አልችልም። ስንደርስ ከማንጎው መርጦ፣ ቢላዋውን በጀለቢያው ጫፍ ጠርጎ፣ ቆርጦ ይሰጠኛል። የዚያ ማንጎ ጭማቂ በክንዴ ሲወርድ፣ ፀሐዩም እንደዚያ ሲያቃጥል፣ ሌላ የትም መሆን የማልፈልግበት ሰዓት ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ሰዎች ወደሱ መምጣት ጀመሩ።

መጀመሪያ አንዲት እናት ናት። ትኩሳት ያቃጠላትን ሕፃን ታቅፋ ማንጎው ፊት ቆመችና "ጥራልኝ" አለችው። ምኑን እንደምትል ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ማንጎውን ጥሎ እናትና ልጅን ባጃጅ ላይ አስቀምጦ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ወባ ነበር። ሕፃኗ መድኃኒቱን ጠጥታ ዳነች። እናትየዋ ግን ሕፃኗን ያዳናት መድኃኒቱ ነው አላለችም። ባጃጁ ውስጥ ሰውየው በበርታኛ የሆነ ነገር ሲያጉተመትም ሰምታዋለች። እኔ ስጠይቀው "ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሱን እየተሳደብኩ ነበር" አለኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም በጣም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የታመሙ መጡ፤ የተጣሉ ባልና ሚስት መጡ፤ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ጉድጓዱን የቱ ጋ እንቆፍር ብለው መጡ። "እኔ ማንጎ ነጋዴ ነኝ" ይላቸዋል። ይህን ባለ ቁጥር ጠሪውን ይበልጥ ይመስላቸዋል፤ ጠሪውም የሚለው እንደዚያው ነዋ። እምቢ ማለቱ ራሱ ምልክት ሆነባቸው። እንዲህ ያለ ወጥመድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የመስጊዱ ሰዎችም ይሄ ነገር ምንድን ነው ብለው አስጠርተው ጠየቁት። እውነቱን ነገራቸው፤ አመኑት። ሆኖም እዚያም በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ጊዜውም ከባድ ነበር። በመተከል በኩል ሰው ከቀዬው የሚፈናቀልበት፣ ስልክ ሲጠራ ማን ሞተ እየተባለ የሚነሳበት ጊዜ ነበር። ከመተከሏ ገነተ ማርያም አቅራቢያ ካለ መንደር ወጥቶ አሶሳ ዘመድ ጋ የተጠጋ አንድ ገበሬ ነበር። ዕድሜው ከአባቴ ብዙ አያንስም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንጎው ጋ ደረስኩ፤ ገበሬው ከሰውየው ፊት መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሰውየው በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ሊያነሳው ይታገላል።

"ተነስ፣ አባባ። ልብስህ ይቆሽሻል" ይለዋል።

"ጌታው ሌላ ነው ስትል ሰምቼሃለሁ" አለ ገበሬው። "እኔም አምናለሁ፤ ጌታው ሌላ ነው። አንተ ጠይቅልኝ ነው የምልህ። ቤቴ መቼ እመለሳለሁ?"

"አላውቅም።"

"ታውቃለህ።"

"ወላሂ አላውቅም፣ አባባ።"

"ገብቶኛል" አለ ገበሬው። "ሰዓቱ ስላልደረሰ ነው የማትነግረኝ። እጠብቃለሁ።" ተነሳ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። ሰላም አግኝቶ ሄደ።

ሰውየው ግን ሰላሙን አጣ። ማንጎው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ አጠገቡ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ይሄ ሰው ዛሬ ዘመዱ ቤት ሄዶ እቃ ያስራል" አለኝ በመጨረሻ። "እኔ የሆነ ነገር እላለሁ ብሎ ይጠብቃል። ሌላ ሥራ አይፈልግም፣ ሌላ ቤት አይሠራም። በኔ ምክንያት። ድራማውን ጨርስ፣ መምህር።"

"ጠሪውን ልግደለው?" አልኩት። ማንኛውም ደራሲ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው።

"አይ! ከሞተ ይመለሳል ብለው ይጠብቁታል። ከሞተ ይብሳል። አትግደለው። ይጥራ፤ ብናኙ አይምጣ።"

"ሰው ይናደዳል።"

"ይናደድ።"

አልተስማማሁም። ለተወሰኑ ሳምንታት ተሟገትን። ጠሪው በኔ ሕይወት ውስጥ ከተፈጠሩት ነገሮች ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ከተማው የሚሰማውን አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ደግሞም፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ድራማው ካለቀ ቅዳሜዎቼ ያልቃሉ። እሱ አልተቆጣኝም። ብቻ በየቀረጻው ድምፁ እየደከመ፣ እየራቀ መጣ። ቴክኒሻኗ ማይክራፎኑን ታስጠጋዋለች፤ እሱ ወደ ኋላ ይላል። በመጨረሻ ጻፍኩት።

የመጨረሻው ክፍል እንዲህ ነበር። ሕዝቡ ውሃ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ጠሪው ይጠራል። ሰሊጥ አልፈሰሰም። ደግሞ ይጠራል። ዝም። ከዚያ እሱ ራሱ በጨመራት መስመር እንዲህ ይላል፦ "አልቻልኩም። የነገርኳችሁ ልክ አይደለም። ይቅር በሉኝ። ኑ እንቆፍር።" ሕዝቡ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ይሰድበዋል። ማታ ላይ አንዲት ሴት አካፋ ታነሳለች። ጠሪውም ከሌሎቹ ጋር ይቆፍራል። ውሃ ይውጣ አይውጣ አልጻፍኩም። ያን መስመር ሲናገር የሱ ድምፅ በሁላችን ጆሮ የተለመደው ድምፅ አልነበረም፤ የተራ ሰው፣ የደከመ ነጋዴ ድምፅ ነበር።

ያን ቅዳሜ ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ብርጭቆ ወርውሮ ሰበረ ተባለ። ወደ ጣቢያዋ እየደወሉ የሰደቡን ብዙ ናቸው። ኃላፊው ስልኩን ነቅሎ ተቀመጠ። እኔ ቤት ስደርስ አባቴ ሬዲዮኑን ዘግቶ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። እራት አቀረብኩ፤ አልበላም። ተናደደብኝ ብዬ ልነሳ ስል እንዲህ አለኝ፦

"እኛን ያመጣን ያ ልጅ አንድ ቀን ተመልሶ መጥቶ 'አልቻልኩም' ብሎን ቢሆን ኖሮ…" አቆመ። "ይቅር እንለው ነበር እኮ። እስካሁን ይመጣል እያልን ነው የኖርነው። ጓደኞቼ ትራክተሩን እየጠበቁ ነው የሞቱት።"

ከዚያ ወደ ገበታው ቀረበና በላ። ስለ ካድሬው ከዚያ በኋላ አንስቶልኝ አያውቅም።

ገበሬው ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ ማንጎው ጋ መጣ። እኔም ነበርኩ። ይሰድበዋል ወይም ይመታዋል ብዬ ፈራሁ። ከፊቱ ቆሞ ትክ ብሎ አየውና "እውነትህን ነው የማታውቀው?" አለው። ሰውየው "እውነቴን ነው" አለው። ገበሬው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሰው ያየኛል ሳይል፣ በነጠላው ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። ሰውየው አጠገቡ ተቀምጦ ማንጎ ልጦ ሰጠው። አብረው በሉ። በማግስቱ ገበሬው በአንድ የግንባታ ቦታ ሥራ ጠየቀ ሲሉ ሰማሁ። ከሁለት ክረምት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ወደ ቀዬው ተመለሰ አሉ፤ ምን እንዳገኘ አላውቅም።

ሰው ግን ቶሎ አይተውም። አሁንም የሚመጡ ነበሩ፤ ያልተሳካለት የኛ እምነት ስላነሰ ነው የሚሉም ተነሱ። ሰውየው ደከመው። ጉባ ወረዳ፣ ማንኩሽ የሚነግድ ወንድም ነበረው፤ የህዳሴ ግድቡ ላይ ለሚሠሩት ፍራፍሬ ያቀርባል። "እዚያ ሬዲዮኑ አይደርስም" አለኝ። ልጁንና እናቱን ይዞ ሊሄድ ነው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። እናቱ መስኮት ዳር ተቀምጣ በበርታኛ መረቀችኝ፤ አልተተረጎመልኝም። ልናገር የፈለግኩት ነገር ነበረኝ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ የሰፋሪ ልጅ፣ ማርያም ደጅ ያደግኩ። አባቴ ምን ይላል፣ እናቱ ምን ትላለች፣ ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ በሐሳቤ አመላልሼው ነበር። እሱም የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና "መምህር፣ በደንብ ብላ፤ ከስተሃል" አለኝ። አውቶቡሱ ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስንባባል ያልቃል። እኔ ግን የሃሎው ድምፅ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠና ለብዙ ጊዜ ድምፁን ሳልሰማ ቀረሁ። ጣቢያዋም ተዘጋች። ቀረጻዎቹ የነበሩበት ኮምፒዩተር ተበላሽቶ ማንም አላስጠገነውም፤ የጠሪው ድምፅ የትም የለም። ገበያ መሀል አንድ ሰው በርታኛ ዝቅ አድርጎ ሲናገር ከሰማሁ እስከ ዛሬ ዞሬ አያለሁ። ብላክቦርድ ላይ ስለ ሞለኪውል እየጻፍኩ ከጀርባዬ ተማሪዎቹ ሲንሾካሾኩ፣ አንዳንዴ እጄ ይቆማል።

አምና ተማሪዎች ግድቡን እንዲጎበኙ ሲወሰዱ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ሆኜ ሄድኩ። ስንመለስ ማንኩሽ ምሳ ልንበላ ቆምን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ከግድቡ ሐይቅ የወጣ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አየሁ፤ ጀለቢያ ሳይሆን ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙ ሸብቷል። አወቅኩት። ቀና ሲል እሱም አወቀኝ።

"መምህር! አንቺ ነሽ?" አለኝ።

እዚያ ከየአገሩ ከመጣ ሠራተኛ ጋር ሲውል አማርኛው ተስተካክሏል። አንድም ስህተት የለበትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እንደ ድሮው "አንተ" ሲለኝ መስማት ነበር የፈለግኩት።

አግብቷል። ልጁ አድጋ ነርስነት ትማራለች፤ እናቱ አርፋለች። ዓሣውን በበረዶ ሳጥን ያስጭናል። ደንበኞቹ የሚያውቁት በዓሣው ብቻ ነው፤ አጠገቡ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ስለ ጠሪው ሰምተው አያውቁም። "እዚህ የሚጠይቁኝ ዓሣው ትኩስ ነው ወይ ብቻ ነው" አለኝና ፈገግ አለ። "እሱን አውቃለሁ፤ እመልሳለሁ። ማታ እተኛለሁ።"

"ደስተኛ ነህ?" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? ትጽፊያለሽ?"

"አልጻፍም" አልኩት።

አዘነ። ምክንያቱን ግን አልጠየቀኝም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ፣ አሁንም በሐሳቤ መስመር ስሠራ በሱ ድምፅ እንደምሰማው አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኔ ብለህ፣ ብናኙን ጥራልኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ገበያው ላይ ተንበርክከው የነበሩት ሰዎች ሁሉ የፈለጉት ይህንኑ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እነሱ የማይቻለውን ነገር ብቻ አልነበረም የፈለጉት፤ ያ ድምፅ ወደነሱ ዞሮ፣ ለነሱ ብቻ እንዲናገር ነበር። አልጠየቅኩትም። በበቂ ጠይቀውታል።

ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ሁለት ዓሣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በረዶ ጨምሮ ሰጠኝ፤ "ለአባትሽ" አለኝ። አባቴ ደህና መሆኑን ነገርኩት፤ አሁን ጆሮው ብዙ እንደማይሰማም። አውቶቡሱ ላይ ስወጣ አንዲት ተማሪዬ "ቲቸር፣ ማን ነው?" አለችኝ።

"ዓሣ ነጋዴ ነው" አልኳት። "ድሮ አሶሳ ነበር።"

መስኮቱን ከፍቼ ወደ ኋላ አየሁ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ዓሣ እየመረጠ ነበር፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እየተናገረው ነው። የሞተሩ ጩኸት ስለበዛ የሚለው አልተሰማኝም። ተማሪዎቹ መዝፈን ጀመሩ፤ መንገዱ ጥምዝ ሲል ከተማይቱ ከዓይኔ ጠፋች፤ በረዶው ጭኔ ላይ እየቀለጠ ቀሚሴን አራሰው።